በሐምሌ ገብርኤል የረገጥነው ማሳ

ስለ ልጅነቴ የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መልሱን ከጥያቄው ጋር ይዘው ይመጣሉ። «እንዲያ ባለ ችግር ውስጥ አድገው እንዴት ለዚህ በቁ?» ይሉኛል፤ ልጅነቴን እንደ ገደል፣ ዩኒቨርሲቲውን ደግሞ ከገደሉ እንዳወጣኝ ገመድ ቈጥረው። ዛሬ በሞጣ ከተማ በጡረታ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ፣ ያ ሥዕል ስሕተት መሆኑን በቅድሚያ መናገር እፈልጋለሁ። ከየትም ጕድጓድ አልወጣሁም። የመጣሁት ከአንድ ቤት ነው፤ ያም ቤት የሚታዘንለት ቤት አልነበረም።

ድሃ መሆናችንን አልክድም። አባቴ በቢቸና ዙሪያ እኩል አራሽ ነበር። ቃሉ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ከሆነ ላስረዳ፤ መሬቱ የሌላ ሰው ነው፤ በሬው፣ ዘሩና ጕልበቱ የአራሹ ነው፤ ምርቱ አውድማ ላይ እኩል ለእኩል ይከፈላል። ወረቀት የለም። ባለርስቱ «ዘንድሮም እረስ» ካለ ይታረሳል፤ ካላለ ጎጆን ነቅሎ መሄድ ነው። አባቴ ትውልዱ ከሞጣ በኩል ስለ ነበረ በዚያ ደብር በርስት የሚቈጠርለት አንዲት ስንዝር መሬት አልነበረውም። ስሙን እያወቁ «ሞጣው» ይሉት ነበር። ከዓመታት በኋላ ወደ ሞጣ ሲመለስ ደግሞ «ቢቸናው» አሉት። ርስት የሌለው ሰው ሁልጊዜ ስሙ የሚወጣለት ከማይኖርበት አገር ነው።

ዘጠኝ ልጆች ነበርን፤ አምስት ሴቶች፣ አራት ወንዶች፤ እኔ አምስተኛው። አንድ በሬ ነበረን፤ ከጎረቤታችን አንድ በሬ ጋር እያቀናጀን ተራ በተራ እናርሳለን። ከጥቅምት በፊት ባሉት ወራት የምንበላው የጓያ ሽሮ ነበር። ሦስቱ ትልልቅ እኅቶቼ በመካከላቸው ያለችው ነጠላ አንዲት ብቻ ስለ ነበረች ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ተራ ገብተው ነው። ሁላችንም በአንድ ቀን ከቤት ወጥተን ወደ አንድ ቦታ የሄድንበት በዓል ትዝ አይለኝም፤ ከአንዱ በቀር። የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጤፍ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቢቸና ጥቍር አፈር ክረምት ሲገባ እንደ ሊጥ ይቦካል። ጤፍ ደቃቅ ናት፤ በለሰለሰ አፈር ላይ ከተበተነች ሰምጣ ትቀራለች። ስለዚህ ማሳው አራት አምስት ጊዜ ከታረሰ በኋላ፣ ሊዘራ ሲል ይረገጣል። ከብት ያለው ከብቱን እየነዳ ከላይ ታች ያመላልሳል፤ አፈሩ ይጠነክራል፣ አረሙም ተደፍቆ ይቀበራል። ከብት የሌለው ደግሞ ካለው ይዋሳል። እኛ በየዓመቱ የምንዋሰው ከሌላ ባለከብት ጎረቤታችን ነበር፤ በምላሹ እኛ ልጆች በሙሉ የእርሱን ማሳ እናርምለታለን።

በዚያ ዓመት የባለርስቱ አማች ብዙ ከብት ይዞ መጣና ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳችንን ወደደው። ከያዝናቸው ቍርጥራጭ መሬቶች መካከል ለቤተሰቡ ቀለብ የሚበቃው ያ ብቻ ነበር። ያ ማሳ ከሄደ ዘጠኝ ልጆች ይዞ እዚያ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። ሆኖም ባለርስቱ በቀጥታ ሊነጥቀን አልቻለም፤ አባቴ ማሳውን አራት ጊዜ አርሶ ጨርሷል፤ አርሶ የጨረሰን ሰው ሳይዘራ ማባረር በአገሩ ሰው ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለገ። ሐምሌ ዐሥራ ሰባት ቀን በበቅሎ መጥቶ ከደጃችን ቆመ፤ አልወረደም።

«ሞጣው፣ ይህ መሬት እስከ መቼ ነው አፉን ከፍቶ የሚጠብቅህ? ሰው ሁሉ ዘርቶ ጨረሰ።»

«ጌታዬ፣ ዝናቡ ፋታ ነሥቶን ነው። ለነገ ከብት ለምኛለሁ።»

«ነገ እንግዲያ። ከነገ ወዲያ ገብርኤል ነው፣ አይሠራም። የማግሥቱን ጧት እመጣለሁ። ተረግጦ ሲዘራ ካገኘሁት ያንተ ነው። ካልሆነ አማቼ በከብቱ ረግጦ ይዘራዋል። የሰው መሬት ጦሙን አያድርም።» ከዚያ ወደ በራችን ተመለከተ፤ እኛ እዚያ ተደርድረን ቆመናል። «ልጆችህ ስንት ደረሱ?»

«ዘጠኝ፣ ጌታዬ።»

«ዘጠኝ አፍ!»

እናቴ ከውስጥ ሆና «ከአንዱም አፍ የገባ የእርስዎ ጎተራ እህል የለም፣ ጌታዬ» አለች። ባለርስቱ እንዳልሰማ ሆኖ በቅሎውን አዞረ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። እናቴን አልተቈጣትም፤ እንዳትደግመው ብቻ ፈርቶ ነበር።

ዐሥራ ስምንት ቀን ሲነጋ ዝናብ ጀመረ፤ እስኪመሽም አላቆመም። ማሳው ኵሬ ሆነ። ባለከብቱ ጎረቤታችን ጆንያ ተከናንቦ መጥቶ «በዚህ ጭቃ ከብት ብነዳ እግሩን ይሰብርብኛል። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለው፤ እውነቱን ነበር። በማግሥቱ፣ በገብርኤል ዕለት ጧት፣ ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። ውሃው ከማሳው ላይ ሸሽቷል፤ አፈሩ ለመረገጥ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ለስልሷል። ግን በዓል ነው። በእኛ አገር በገብርኤል ቀን በሬ የጠመደ፣ ከብት ለሥራ የነዳ ሰው በደብሩ ሁሉ ላይ በረዶ ያወርዳል ተብሎ ይታመናል። በዓል የሻረ ቤት እሳት የሚሰጠው ጎረቤት አያገኝም። መጤ ከሆነማ ጨርሶ አይነሣ።

እናቴ ከቤት ወጥታ ማሳውን አየች፣ ሰማዩን አየች፤ ከዚያም ተመልሳ ነጠላዋን ለመልበስ ተራ የደረሳትን እኅቴን «አስቀምጪው። ዛሬ ሁላችሁም ወደ አንድ ቦታ ነው የምትሄዱት» አለቻት።

አባቴ ወዲያው ገባው። «ተይ። እኔ እዚህ አገር እንግዳ ነኝ። በዓል ሻረ ይሉኛል።»

«በዓል የሚሻረው በሞፈር ነው፣ በማጭድ ነው፣ በመጥረቢያ ነው። እኔ በሬ አልጠመድኩም። ከብት አልነዳሁም። ልጆቼን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ጭቃ ለጭቃ?»

«ዛሬ ጭቃ ሳይረግጥ ቤተ ክርስቲያን የሚደርስ ማን አለ? አገሩ ሁሉ ጭቃ እየረገጠ አይደለም እንዴ የሚሳለመው?»

«አንቺ ሴት፣ መልአኩን ነው የምትፈታተኚው?»

«ሕፃኑንና እናቱን ከሚፈላው ውሃ አወጣቸው ብለው የሚያነቡት በዛሬው ቀን አይደለም? እናትን ከነልጇ ያወጣ መልአክ በእኔ አይቈጣም። ከተቈጣም ከእኔ ጋር ይነጋገር፤ አንተ ቤት ተቀመጥ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስለ ሰንበትና ስለ በዓላት አከባበር የተጻፉትንም ጭምር። እናቴ በሥርዓቱ መሠረት ትክክል ነበረች ብዬ አልፈርድም። ክርክሯ ግን ከሰማኋቸው የሕግ ክርክሮች ከብዙዎቹ የተሻለ እንደ ነበር አውቃለሁ።

ከማሳው ጫፍ በአንድ መስመር አሰለፈችን። ታላቅ እኅቴን አንድ ዳር አቆመቻት፤ ቀጥ ብላ መራመድ የምትችል እርሷ ናትና። ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያያዝን። ትንሹ ወንድሜ በእናቴ ጀርባ ላይ ታዝሏል፤ ሌሎቻችን ስምንት ነን። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ የአንዱ እግራችሁ ጣት ባረፈበት የሌላው እግራችሁ ተረከዝ ይረፍ፣ መካከል ክፍተት አይኑር፣ ማንም ከመስመሩ አይቅደም።

አፈሩ ይበርድ ነበር። እግርን ይውጥና ሲለቅ ድምፅ ያሰማል። እስከ ማሳው ጫፍ ሄድን፤ ዞረን በጎኑ ተመለስን። በሦስተኛው ምልልስ ታላቅ ወንድሜ አንገቱን ሰብሮ «እምቧ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ መስመሩ ተበላሸ።

«ዝም በል አንተ ወይፈን!» አለችው ታላቅ እኅቴ።

«ወይፈንማ ቢሆን ኖሮ ሸጬው አርፍ ነበር» አለች እናቴ። «ቀጥ በሉ! ተረከዝ በተረከዝ! የረገጣችሁትን እዩ እንጂ እኔን አትዩኝ።»

አባቴ በማሳው ድንበር ድንጋይ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አልከለከለንም፤ አልገባምም።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰዎች በመንገዱ ላይ መምጣት ጀመሩ። ከወንዙ ዳር ያለው ማሳ ለአላፊው ሁሉ እንደ መድረክ ነው። የባለርስቱ አማች ነጭ ልብሱን ለብሶ ከሁለት ሰዎች ጋር ቆመ።

«እሜቴ፣ የዘንድሮ ጥጆችሽ እንዴት አምረዋል!» አላት።

«ከአንተ ከብት ይሻላሉ» አለችው ሳትቆም። «እነዚህ ሲጠሯቸው ይሰማሉ።»

አብረውት ከነበሩት አንዱ ሳቀ፤ አማቹ ግን ፊቱ ጠቈረ። «በገብርኤል! እናንት ሰዎች፣ እዩ! በረዶ ልታወርድብን ነው! ቄሱን ጥሩልኝ!»

አንዲት የጎረቤት ሴት ደግሞ እጇን በአፏ ላይ ጭና «ኧረ ምን ነካሽ፣ እኔ ልሙትልሽ፣ ውጪ ከዚያ» ትላት ጀመር። እናቴ «ገብተሽ ብትይዥኝ ቶሎ እጨርስ ነበር፣ እትዬ» አለቻት። ሴትዮዋ ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች መሰለኝ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ቄሱ መጡ። የደብሩ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ ሰው። መስቀላቸውን ይዘው ከድንበሩ ላይ ቆመው ጥቂት ተመለከቱን። አባቴ ተነሥቶ እጅ ነሣ። እናቴ መስመሩን አስቁማ ባለችበት፣ እስከ ጕልበቷ ጭቃ እንደ ለበሰች፣ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?»

«አባ፣ በበዓል ቀን ሰው በእግሩ መሄድ ተከልክሏል?»

«መሄድስ አልተከለከለም።»

«እኛም እየሄድን ነው።»

«ወዴት?»

«እስከዚያኛው ጫፍ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንመለሳለን፣ አባ።»

ከመንገዱ ላይ ሳቅ ተነሣ። ቄሱ አልሳቁም፤ ግን መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ለምን እንደ ሆነ እኔ ከነበርኩበት ታይቶኛል። ከዚያም «ዘር ግን ዛሬ ከእጅሽ እንዳይወድቅ» አሏት።

«ዘሩ ቤት ነው፣ አባ። እጄም ባዶ አይደለም፤ ልጆች ይዣለሁ።»

ቄሱ ወደ መጡበት ተመለሱ። አማቹ «እንዴ! ይኸው ነው?» እያለ ተከተላቸው። እኛ እንደገና መርገጥ ጀመርን። አሁን ደክመናል፤ ታናሽ እኅቴ ታለቅስ ነበር፤ ማሳውም ገና ግማሹ ነበር የቀረው። በዚህ ጊዜ አባቴ ጋቢውን አጣጥፎ ድንጋዩ ላይ አኖረና ወደ ማሳው ወረደ። በምታለቅሰው እኅቴ በኩል ገባ፤ እጇን ያዛት። የሕዝቡን ፊት አላየም። እናቴም አላየችውም፤ «ተረከዝ በተረከዝ» ብቻ አለች፤ ለእርሱም ጭምር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሳትል ጨረስን። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አባቴ ዘሩን በአቍማዳ አንግቶ ይበትን ጀመር፤ ባለርስቱ በበቅሎው ሲደርስ የቀረው የመጨረሻው ጥግ ነበር። ባለርስቱ በዚህ ጊዜ ወረደ። ዱላውን በማሳው መካከል ተከለ፤ ዱላው ሊሰምጥ አልቻለም።

«ማን ረገጠልህ?»

«ቤተሰቤ፣ ጌታዬ።»

«በገብርኤል።»

አባቴ የያዘውን ዘር በተነ። ባለርስቱ ወደ በቅሎው ተመለሰ፤ ነገሩ ግን እዚያ እንዳላበቃ ሁላችንም አውቀናል።

ጤፉ በቀለ፤ አማረ። በመስከረም ወር በረዶ ወረደ። የወረደው በወንዙ ማዶ ነው፤ የአማቹን ማሳ ጨምሮ የብዙ ሰው አዝመራ አጨደ። የእኛን አልነካም። አንባቢ ይህ እኛን ነፃ ያወጣናል ብሎ ያስብ ይሆናል። ተቃራኒው ሆነ። «እነርሱ ሻሩ፤ ቅጣቱን እኛ ተቀበልን» ተባለ። በእሑድ ቀን ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ አባቴንና እናቴን አስቆማቸው። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ያመጡት ሐሳብ በእነርሱ ዐይን ርኅራኄ ነበር። ባልና ሚስቱ በሕዝብ ፊት «በድለናል» ይበሉ፤ ባለርስቱም ይቅር ብሎ ለከርሞ ማሳውን ያሳርሳቸው። ባለርስቱ «እሺ» አለ። ቃል በአደባባይ ተሰጠ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው።

እናቴ ዙሪያዋን አየች። «በረዶው የወደቀው በወንዙ ማዶ ነው» አለች። «እኔ በወንዙ ማዶ ማሳ ረግጬ አላውቅም።»

ከኋላ በኩል አንዳንዶች ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ ለስለስ ብለው «ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት። ለልጆችሽ ስትይ» አሏት።

«ለልጆቼ ስል ነው እምቢ የምለው፣ አባቴ። ድሃ ናችሁ በሉን፣ ነን። መሬት የላችሁም በሉን፣ የለንም። በድላችኋል የምትሉን ግን እነዚህ ልጆች ማሳ በእግራቸው ስለ ረገጡ ከሆነ፣ አልበደልንም። ልጆቼ በእግራቸው እንዲያፍሩ አላደርግም።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። ቃሉ ከእርሱ ቢወጣ በቂ ነበር፤ የሴት ቃል እንዳልተሰማ ሊታለፍ ይችላል። ማሳው በአባቴ አፍ ላይ ነበር። እኔ ከታላቅ እኅቴ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አልክድም፣ «በድለናል» እንዲል እፈልግ ነበር። ርቦኝ ያውቃል፤ ጓያ ሰልችቶኛል። አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ።

«እርሷ ያለችው ነው» አለ።

በታኅሣሥ አውድማው ላይ ባለርስቱ እኩሌታውን ወሰደ፤ «ለከርሞ ሌላ ፈልግ» አለው። ስንወጣ ቄሱ ከመንገዱ ዳር ቆመው ባረኩንና «እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አሉን። እናቴም ጕልበታቸውን ስማ «አሜን፤ እርስዎንም፣ አባ» አለቻቸው።

ያ እምቢታ ያስከፈለንን አሳንሼ አልጽፍም። ታላቅ እኅቴ ጊዜዋ ሳይደርስ ተዳረች፤ አንድ ወንድሜ ሁለት ዓመት በሰው ቤት አደረ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ገባር ኑሮ የሚከራከሩ ጓደኞቼን ስሰማ፣ አራሹ በንግግራቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንገቱን የደፋ፣ የሚናገርለት የሚጠብቅ ሰው ነበር። አንገቱን የደፋ አባት አውቃለሁ፤ የእኔው ነው። ግን አንድ ቀን በሕዝብ ፊት ቀና ማለቱን የዐይን ምስክር ነኝ፤ ያንን ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈቀድሁም። ብዙ ልጅ መውለዳቸውን የሚነቅፉትንም ሰምቻለሁ። ከዘጠኛችን ማን መቅረት እንደ ነበረበት እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው፣ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ከቢቸና ወጥተን በሞጣ በኩል መሬት ፍለጋ የዞርነው በጥር ወር ነው። አንድ ባለርስት ከደጁ አቁሞ አነጋገረን።

«ስንት ከብት አለህ?» አለው አባቴን።

«አንድ በሬ።»

«በአንድ በሬ የጤፍ መሬት? ማን ሊረግጥልህ ነው?»

«እርሱን ለእኔ ይተዉት» አለ አባቴ። «መሬቱን ያሳዩኝ፤ ከወደድሁት አርሰዋለሁ።»

እኩል አራሽ «ከወደድሁት» ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰውየውም የሰማ አልመሰለኝም፤ ሆኖም መንገዱን መራን። አባቴ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ዞረው፤ አፈሩን በእጁ ዘግኖ አየው፤ ከዚያም ሰውየውን ትቶ ወደ እናቴ ዞረ።

«ምን ትያለሽ?»

እናቴ ሕፃኑን ከጀርባዋ እንዳዘለች በእግሯ አፈሩን ጫን ጫን አደረገችው።

«ድንጋይ ይበዛዋል» አለች። «ግን ይረገጣል።»